ሰነፏ ድስት

ባለፈው ሳምንት አየር ጤና ላይ ታክሲ ልይዝ ስሻገር፣ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡበት አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ አየኋት። ሞላላ የኤሌክትሪክ ድስት ናት። ውጪዋ ነጭ፣ ውስጧ የሚወጣና የሚገባ ጥቁር የሸክላ ገበታ፣ ክዳኗ መስታወት። ከፊቷ አንዲት ማዞሪያ አለቻት። ሻጩ ቆሜ እንዳየኋት ሲያውቅ መሥራቷን ሊያሳየኝ ሰካትና ቀይ መብራቷ በራ። ለሽሮ የምትሆን አሪፍ ዕቃ ናት አለኝ። ለሽሮ እንዳልሆነች ልነግረው ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። መዳፌን ጎኗ ላይ አድርጌ እስክትሞቅ መጠበቅ ጀመርኩ።

እሷ ደግሞ ቶሎ አትሞቅም። ሻጩ መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ ቀጥሎ ፊቴን አየ፣ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። ባዶ ዕቃ ምን ሽታ ይኖረዋል ትሉ ይሆናል። እኔን ግን ሸተተኝ፤ ትኩስ ወተት፣ የጥብስ ቅጠል፣ የዶሮ ስብ። ያን ሽታ ካሸተትኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ሳልገዛት ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጬ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ ሁለት ጊዜ ሳልሰማው ቀረሁ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ኮልፌ ነበር፤ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ። አባቴ አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ከእሱ ቀድሞ የግራሶ ሽታ ይገባል። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት እየተጠጋ ነበር፤ አባቴ ግን ዓመት ከመንፈቅ እንኳ በቅጡ ሳይሞላ ሌላ ሴት ቤት አስገባ። ዛሬ ሳስበው ብቻውን አንዲት ሴት ልጅ ይዞ ምን ያድርግ እላለሁ። ያኔ እንዲህ አላልኩም።

እንጀራ እናቴ ከሆሳዕና የመጣች፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ጴንጤ ነበረች። ከአባቴ ጋር ከመተዋወቋ በፊት ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ አንድ የፈረንጆች ቤት ለስድስት ዓመት ምግብ አብስላለች። ፈረንጆቹ አገር ለቀው ሲሄዱ እመቤቲቱ ከቤቱ ዕቃ የወደድሽውን ውሰጂ ብትላት፣ ሶፋውን ትታ፣ ፍሪጁን ትታ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ያየኋትን የምትመስል የኤሌክትሪክ ድስት ታቅፋ ወጣች። እኛ ቤት የገባችውም አንድ ሻንጣ፣ አንድ መጽሐፍ ቅዱስና ድስቷን ይዛ ነው። አባቴ ጠዋት የተጣደች ከሰዓት የምታበስል ድስት አይቶ ስለማያውቅ «ሰነፏ ድስት» አላት። ስሟ ሆኖ ቀረ።

እናቴን «እማዬ» ነበር የምላት። እንጀራ እናቴን ምንም አልላትም ነበር። የምፈልገው ነገር ሲኖር አጠገቧ ሄጄ እስክታየኝ ድረስ እቆማለሁ። እሷ ግን «እናቴ» ትለኛለች። ትልቅ ሰው ሴት ልጅን እንዲህ ብሎ መጥራቱ በአገሩ ያለ ነው፤ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ ሁሉም ይለኝ ነበር። ከእሷ አፍ ሲወጣ ግን ደሜ ይፈላ ነበር። «ነይ እናቴ»፣ «ብዪ እናቴ»። እናት የሚለውን ቃል ይቺ ሴት ቤታችን ውስጥ እንዳታነሳው የሚከለክል ሕግ ቢኖር ደስ ባለኝ።

ባለጌ ልጅ አልነበርኩም። አልሳደብም፣ አልመልስም። ክፋቴ በዝምታ ነበር። የሠራችውን ምግብ ሁለቴ ጎርሼ ጠገብኩ እልና፣ ሁሉም ሲነሳ ጓዳ ገብቼ እንጀራ በደረቅ በርበሬ እበላለሁ። የማታውቅ ይመስለኝ ነበር። የበርበሬው ዕቃ ግን አንድም ቀን ጎሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ሞልቶ፣ ሁልጊዜ እጄ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ። ማን እንደሚሞላውና ማን ወደ ታች እንዳወረደው ለማሰብ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሰነፏ ድስት እኛ ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰካችው አንድ ቅዳሜ ነው። እንጀራ እናቴ ዶሮ በሩዝና በክሬም ልትሠራ ነው። ፈረንጆቹ ቤት ዶሮው ታጥቦ ተጠናቆ ከሱፐርማርኬት ስለሚመጣ እንዳለ ነበር የምትከተው። እኛ ቤት ግን ዶሮ እንዴት እንደሚታጠብ ታውቃለች፤ አባቴ ሎሚና ጨው ያላየ ዶሮ አፉ እንደማይገባም ታውቃለች። ስለዚህ እኛን ደስ ልታሰኝ በሎሚ አሸችው፣ በጨው አሸችው፣ እንደገና ሎሚ ጨምቃ ዘፈዘፈችው። ከሎሚው ያልወጣ ዶሮ ላይ ክሬም ሲፈስበት ምን እንደሚሆን እናንተም ትገምታላችሁ። ወተቱ ተቆራርጦ አይብ ሆነ። አባቴ ሳህኑን ትንሽ አየት አደረገና «ዶሮ በአይብ ነው? ጥሩ ነው» ብሎ ሙልጭ አድርጎ በላ። እኔ መኝታዬ ላይ ትራስ ነክሼ ሳቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደገመችው። አሁን ዶሮውን የሎሚ ሽታው እስኪጠፋ አለቀለቀችው፤ የራሷን አፍንጫ አላምን ብላ እኔን ጠርታ «እስቲ አሽትቺልኝ» አለችኝ። አሸተትኩላት። ከዚያ ሥጋውን ከታች፣ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ካሮቱን፣ የታጠበውን ሩዝ ከላይ አደረገች፤ ቁንዶ በርበሬና አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ጣለችበት፤ የአጥንት መረቅ ጨመረችና ከደነችው። ከደነችው ማለት ከደነችው ነው፤ ከዚያ በኋላ አልነካችውም። እኔ እናቴ ሽንኩርት ስታቁላላ ከድስቱ ዞር ሳትል፣ ማማሰያው ከእጇ ሳይወርድ ነው ያደግሁት። የማይማሰል ወጥ ምን ዓይነት ጉድ ነው ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ብቅ እያልኩ አየሁ። ክዳኑ ሲከፈት የቆየው ሙቀት ሁሉ ስለሚወጣ እንደገና እስኪሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጃል አለችኝ፤ ስለዚህ አምኖ መተው ነው። ክሬሙን ያገባችው መጨረሻ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሽታው ቤቱን ሞላው። ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥቶ ግቢው ውስጥ፣ የተሰጣው ልብስ ድረስ ሄደ። ሥጋው ከአጥንቱ ያለ ቢላ ይለቃል፤ ሩዙ ወተቱን ጠጥቶ አብጧል። ሁለት ሳህን በላሁ። ሳላስበው ነው። ሦስተኛ ልጨምር ስል ማን እንደሠራው ትዝ አለኝና አፍሬ ተነሳሁ። እንጀራ እናቴ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀችብኝ መሰለኝ፤ በማግስቱ ወደ ደረቅ በርበሬዬ ተመለስኩ።

አሁን ስለ አክስቴ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ደብረ ማርቆስ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ልጅ አልወለደችም። አባቴን ከእናትና አባታቸው ሞት በኋላ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች ቃሏ እኛ ቤት እንደ ሕግ ነው። እናቴ የሞተች ሰሞን ለቅሶው ላይ ልጅቷን እኔ ልውሰድ ብላ ነበር። አባቴ ጊዜ ስጪኝ ብሎ ለመናት። ከዚያ ማግባቱን፣ ያገባትም ጴንጤ መሆኗን ስትሰማ የሰጠችውን ጊዜ መልሳ ወሰደች። የፍልሰታ ጾም እንደተፈታ እመጣለሁ፤ ትምህርት ሳይከፈት ልጅቷን ይዤ እሄዳለሁ ብላ ላከች።

መሄድ አልፈለግሁም። ጓደኞቼ ኮልፌ ነበሩ፣ ትምህርት ቤቴ ኮልፌ ነበር፣ የእናቴ መቃብር ያለበት ቤተ ክርስቲያን ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት ነው። እኔ የምፈልገው ያቺ ሴት እንድትሄድ ነበር። በልጅ አእምሮዬ ነገሩ ቀላል ነው፤ አክስቴ ትመጣለች፣ ቤቱን ታያለች፣ ይቺ ሴት እንደማትረባ ይገባታል፣ አባቴን ትቆጣዋለች፣ ሴትየዋ ሻንጣዋን፣ መጽሐፍ ቅዱሷንና ድስቷን ይዛ ትወጣለች። እኔና አባቴ እንቀራለን።

አባቴ የእህቱን መልእክት እራት ላይ ሲነግረን እንጀራ እናቴ ጉርሻዋን አስቀመጠች። ብዙ ጊዜ በጉዳያችን አትገባም ነበር። ያን ቀን ግን «ትምጣ። እኛ ቤት ምሳ ትብላ፤ ልጅቷ እንዴት እንደምትኖር በዓይኗ ትይ። ከዚያ የፈለገችውን ትወስን» አለች። አባቴ ዶሮ ወጥ ይሠራ አለ። እሷ የለም አለች፤ በሰነፏ ድስት ዶሮ በሩዝ ነው የምትሠራው። አባቴ እጁን ከማዕዱ አነሳ። የጎጃም ሴትዮ ጾም ፈትታ መጥታ ነጭ ዶሮ ልትበላ ነው ወይ አላት። ብዙ ተናገረ፤ እሷ አልተበገረችም። ስትከራከር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በሆዴ ጎሽ አልኩ፤ የምትታነቅበትን ገመድ ራሷ እያመጣችልኝ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሰማዩ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ያለቅስ ነበር። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ እርስ በርስ አያሰማም። ዶሮው የታረደው ከዋዜማው ነው፤ እንጀራ እናቴ አክስቴ ጴንጤ ያረደውን እንደማትቀምስ ስለገባት፣ ግቢያችን ውስጥ ያሉትን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ሽማግሌ ለምና በስመ ሥላሴ አሳረደችው። ይህን ያደረገችው ማንም ሳይነግራት ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉንም ከታ ሰካቻት። አባቴ አክስቴን ያረፈችበት የዘመድ ቤት ሄዶ ከቅዳሴ መልስ ሊያመጣት ወጣ። እንጀራ እናቴም ለአምልኮ ቸርች መሄዷ ነው፤ ለዚህ ነው ሰነፏን ድስት የምትወዳት፤ አንቺ ስትጸልዪ እሷ ታበስላለች ትል ነበር። ጃንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመችና ክዳኑን እንዳልከፍት፣ እንዳላማስል፣ ቀዩ መብራት መብራቱን ብቻ እንዳይ አደራ አለችኝ። «አደራ እናቴ» ነው ያለችው።

ከወጣች በኋላ ድስቷ ፊት ተቀመጥኩ። መስታወቱ ላይ ላብ መያዝ ጀምሯል። ሦስት ሰዓት ሲሆን ነቀልኳት። ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለውም፤ እጄን ዘርግቼ ገመዱን ሳብኩት፤ መብራቷ ጠፋ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ሳሎን ሄጄ ደብተሬ ላይ አበባ ስስል ቆየሁ። ሞኝ አልነበርኩም፤ ነቅዬ ብተዋት እንደምያዝ አውቃለሁ። አምስት ሰዓት ላይ የግቢው በር ሲንኳኳ ሮጬ መልሼ ሰካኋት። ድስቷ ራሷ እንደሰነፈች ይመስላል አልኩ፤ ስሟም ሰነፏ አይደል።

አክስቴ እርጥብ ነጠላዋን አውልቃ፣ እኔን እቅፏ ውስጥ ከታ፣ አልቅሳ፣ አስለቅሳኝ ተቀመጠች። አባቴ ቴሌቪዥን ከፈተላት። የእሑዱን ፕሮግራም እያየች፣ መካከል መካከል ፀጉሬን እየዳበሰች ቆየች። ከቅዳሴ ስለመጣች እህል አልቀመሰችም። ምሳው ምን እንደሆነ ስትጠይቅ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና ሲደርስ ታዪዋለሽ አላት።

እንጀራ እናቴ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ እግሯ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ደረሰች። አክስቴን ጎንበስ ብላ ስማ፣ ደህንነቷን ጠይቃ፣ ጓዳ ገባች። ተከትያት ገባሁ። ለምን እንደተከተልኳት አላውቅም። መዳፏን ድስቷ ጎን ላይ አደረገች፤ አነሳችው፤ እንደገና አደረገችው። ቀዩን መብራት አየች። ክዳኑን አነሳችው። ውኃው ሩዙ ላይ እንደቆመ ነው፤ የዶሮው ሥጋ ገና ሐምራዊ ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ነቅለሽው ነበር?» አለችኝ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አልነቀልኩም።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ ዓይኔን ጭቃ የያዘው ጫማዋ ላይ ተክያለሁ። «እሺ» አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ሁሉንም ወደ ተራ ድስት ገልብጣ ቡታጋዝ ላይ ጣደችው። እሳቱን አበዛችው። አምኖ መተው ያለችኝ ሴት ማማሰያ ይዛ ቆማ ታማስል ጀመር። ሳሎን ውስጥ አክስቴ ስትስል፣ አባቴ ሲንቆራጠጥ ይሰማል። ክሬሙን ቶሎ አገባችው፤ ከስሩ ያዘባት። የረረ ወተት ሽታ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ልብስ ላይ ከተጣበቀ አይለቅም። ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ምርጫ ስታጣ አቀረበችው።

አክስቴ አማተበችና አንድ ቁራጭ አነሳች። ሥጋውን ስትገነጥለው አጥንቱ ሥር ቀይ ሆነ። ጥሬ ሥጋ ወዳድ ሴት ናት፤ የዶሮ ደም ግን ሌላ ነው። ሳህኑን ቀስ አድርጋ ገፋችው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደግማችሁ ስሙኝ፣ ክፉ አልነበረችም። ሳትቆጣ ነው የጠየቀችው፤ ከጠዋት ጀምሮ የተጣደ ምግብ ምን ሆኖ ሳይበስል ቀረ አለች።

እንጀራ እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ።

«መብራት ሄዶብን ነው እትዬ» አለች።

ይህቺ ሴት አትዋሽም ነበር። አባቴ ሰው ሲፈልገው የለም በይ ቢላት፣ አለ ግን መውጣት አልፈለገም ብላ የምትመልስ ሴት ናት። ለዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል። ስላልለመደችበትም አላወቀችበትም። ሌላ ሰው ቢሆን ድስቱ ተበላሽቷል ይል ነበር። እሷ ግን መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት በዚያ ሰሞን ሁሉም ሰው የሚለውን አለች፤ ቴሌቪዥኑ ከፊታችን እየዘፈነ።

«ከአምስት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን እያየሁ ነው» አለች አክስቴ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞራ፣ እንጀራ እናቴ እዚያ እንደሌለች አድርጋ ተናገረች። «ምግብ ይበላሻል። እኔም ስንት ወጥ አሳርሬያለሁ። ልጄን ግን ለሚዋሽ ሰው ትቼ አልሄድም።»

አባቴ «እትዬ» ብሎ ሳህኑን ወደ እሷ መልሶ አስጠጋላት።

እኔ ነኝ የነቀልኩት። ሦስት ቃል ናት። አፌ ውስጥ ነበረች፤ ጣዕሟን እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። እንጀራ እናቴ ፊቷ ቀልቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆማለች፤ እጇ ውስጥ ጭልፋ አለ። ብናገር ነገሩ ሁሉ ይገለበጥ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። የምትባረረው እሷ መስላኝም ነበር እኮ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ። አክስቴ ተነሺ ልብስሽን እናዘጋጅ ስትለኝ ነው የማን ልብስ እንደሚዘጋጅ የገባኝ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ የሚገባበትን አታውቀውም ይላሉ። እኔ አርቄ ምሼ ነበር።

ሻንጣዬን ያዘጋጀችው እንጀራ እናቴ ናት። ልብሴን እያንዳንዱን አጣጥፋ፣ ካልሲዎቼን ጥንድ ጥንድ አድርጋ። የማልለብሰውን የድሮ ትምህርት ቤቴን ዩኒፎርም ሳይቀር ተኩሳ ከተተችው። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ማክሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘችን፤ አክስቴ አላናገረቻትም። መስኮቱ ሥር ቆማ አውቶቡሱ እስኪነሳ አልሄደችም። እጄን በመስኮት ላወጣላት ፈለግሁ፤ አላወጣሁም።

ደብረ ማርቆስ ደህና አደግሁ። አክስቴ አንድ ነገር አላጎደለችብኝም፤ አስተማረችኝ፣ ለወግ ለማዕረግ አበቃችኝ። አባቴ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይመጣል፤ ሁልጊዜ ብቻውን። አብረን የኖርነው አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ሆኖ ቀረ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አዲስ አበባ ሥራ ስይዝ ልጠግበው ነው ስል ታመመ፤ ብዙም አልቆየ። አክስቴ ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ሞተች። እያስታመመች ስላሳደገችኝ እኔም አስታመምኳት። ሦስት ወር ሙሉ አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ በየቀኑ እነግራታለሁ እላለሁ። አንድ ማታ እንጀራ እናቴ ስልክ ደውላ ስለ ጤናዋ ጠይቃ ስትዘጋ፣ አክስቴ «ሴትዮዋ ደህና ነበረች፤ መዋሸቷ ነው እንጂ» አለችኝ። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርኩም። ደክማለች፣ አላስጨንቃት አልኩ፤ ሰበብ መቼም አይጠፋም። አክስቴ ያቺ ሴት ውሸታም እንደሆነች እያሰበች ሞተች። ከሠራሁት ሁሉ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

እንጀራ እናቴ አሁን ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ብቻዋን። ለበዓል እጠይቃታለሁ፤ ስኳርና ቡና ይዤ እሄዳለሁ፤ ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ እነሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን በዓል አልነበረም። ከአየር ጤና የያዝኩት ታክሲ የሚሄደው ወደ ቤቴ ሳይሆን ወደ ዓለም ባንክ መሆኑን ያስተዋልኩት ከተሳፈርኩ በኋላ ነው፤ ወይም አስቀድሜ አውቄዋለሁ። ደረጃውን ወጥቼ ሳንኳኳ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከፈተችልኝ። ደንግጣ ምን ሆንሽ አለችኝ።

ሳልቀመጥ ነገርኳት። ለሃያ ዓመት የተዘጋጀሁበት ንግግር ነበረኝ፤ የወጣው ግን ነቅያት ነበር የሚል ብቻ ነው።

«አውቃለሁ» አለችኝ። ሶፋው ላይ የነበረውን ልብስ አንስታ ቦታ ሰጠችኝ። «ገና ክዳኑን ሳላነሳው ነው ያወቅሁት።»

ታዲያ ለምን አልተናገርሽም አልኳት። አንድ ቃል ብትናገሪ እኮ አክስቴ እኔን ተቆጥታ ነገሩ ያልቅ ነበር።

«እናትሽ ሞታለች። አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነው። በማን ላይ ልናገር?» አለች። ይህን ስትል እንደ ትልቅ ነገር አልነበረም፤ መነጽሯን በቀሚሷ ጫፍ እየጠረገች ነው።

ከዚያ ሁልጊዜ ግራ የሚያጋባኝን ጠየቅኋት። አባቴ ያን ያህል ለምኗት ለምን ዶሮ ወጥ እንዳልሠራች፤ አክስቴ የማታውቀውን ምግብ እንደማትወድላት እያወቀች። ፈገግ አለች።

«እሷ እንድትበላው መች ነበር የሠራሁት። ከምሠራው ሁሉ አንቺ የበላሽልኝ እሱን ብቻ ነበር። ስትበዪ እንድታይሽ ነው። ልጅቷ እኛ ቤት ስትበላ ካየች ትተዋታለች አልኩ።»

ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ታች ሜዳው ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ አንዱ ሌላውን አጭበረበርክ እያለ ይጮህበታል። ማልቀሴን እንዳላየች ሆና ተነሳች፤ ጉልበቷን ስለሚያማት የሶፋውን ክንድ ይዛ ነው የምትነሳው። ጓዳው በር ላይ ስትደርስ ምሳ በልተሽ ነው የመጣሽው ብላ ጠየቀችኝ።

በልቼ ነበር። አልበላሁም አልኳት።

የምስር ወጥና ትንሽ ጎመን አቀረበችልኝ። እጄን ታጥቤ በላሁ፤ ስትጨምርልኝም በላሁ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ እስክጨርስ ድረስ አየችኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ከእኔ ዓይኗን አንስታ ጎን ለጎን ያሉትን ባዶ ወንበሮች አየች፤ አባቴና አክስቴ ተቀምጠውባቸው ስበላ የሚያዩኝ ይመስል።